የእጅ ጥልፍ፦ ሙያው የሴቶቹ፣ ገንዘቡ የማን?

የጉና ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የማወራው ደብረ ታቦር ዙሪያ ስላለ የገጠር ቀበሌ ነው። እዚያ ጥልፍ የማትችል ሴት ማግኘት ይከብዳል። እናቶቻችን ሲዳሩ አቡጀዲ ላይ የጠለፉትን የአልጋ ልብስና ትራስ ይዘው ነው የሄዱት። ትራሱ ላይ ሁለት ወፍ ፊት ለፊት፣ ከሥራቸው «መልካም ሕልም» የሚል ጽሑፍ። ሙያው ዛሬም አለ። የተለወጠው የሚጠለፈው ነገር ነው። አሁን በብዛት የሚጠለፈው የከተማ ሴት ለሠርግና ለጥምቀት የምትለብሰው ቀሚስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ጨርቁን ንድፍ አስነድፎበት ከነክሩ ይልካል። ደላላው መንደር ለመንደር ያድላል። ሲያልቅ ሰብስቦ ይወስዳል፣ ክፍያውን በቁጥር ያመጣል። ስንት ተሸጠ፣ ለማን ተሸጠ የሚያውቅ የለም። ብሩን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ባል ነው፤ ደላላው ገበያ ላይ የሚያገኘው እሱን ነዋ።

አንዲት ጎረቤታችን ስትጠልፍ ብታዩ! ክሩ ስድስት ቀጫጭን ገመድ አለው። ሁለቱን ነጥላ ታወጣለች፣ ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ በመርፌው ዓይን ታሳልፋለች። ቋጠሮ አትቋጥርም። የክሩን ጫፍ ከኋላ በኩል በስፌቱ ሥር ታሾልከውና እዚያው ይጠበቃል። ጀርባውን ገልብጣችሁ ብታዩት እንደ ፊቱ የጸዳ ነው። ይህችው ሴት ልጇ ደብተር ሲያልቅበት የባሏን እጅ ታያለች። ጨውና ሳሙና ለመግዛት የባሏን እጅ ታያለች። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሴቶቹ በራሳቸው ሊደራጁ ይፈልጋሉ። እኔም አብሬያቸው ነኝ። ከየት እንጀምር? በተለይ ሥራው ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ያያችሁ፣ የምታውቁትን ንገሩን።

---

ሽሮሜዳ ሱቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ግን ነጋዴውን ሌባ አድርጎ መጀመር የትም አያደርስም። እኔ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። የኛንም ወገን ስሚ።

ጨርቁን የምገዛው በጥሬ ብር ነው። ክሩንም እንደዚሁ። ከዚያ ወራት እጠብቃለሁ። ከሚመለሰው ቀሚስ ውስጥ የጤፍ ሊጥ የነካው አለ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት አለ፣ ቀዩ ክር ቀለሙን ለቅቆ ነጩን ያበላሸ አለ። እሱን ማን ይክሰኛል? ለጥር ሠርግ ያዘዝኩት ከጥምቀት በኋላ ቢደርሰኝ ሙሽራዋ አትጠብቀኝም።

ሌላው የኮምፒውተር ጥልፍ ነው። ማሽኑ በአንድ ቀን የሚያወጣውን እጅ በሳምንታት አያወጣውም። ዋጋው ደግሞ ብዙ ይወርዳል። ደንበኛው ከሩቅ ሲያየው ልዩነቱ አይታየውም። ከውጭ እየታተመ የሚገባው ጨርቅማ ጭራሽ ዋጋ ሰብሮብናል። የእጅ ሥራ በዋጋ ከማሽን ጋር ልወዳደር ካለ ይሞታል። የሚያዋጣው የእጅ ሥራነቱን ማሳየት ነው።

ሴቶቹ በቀጥታ ቢያመጡልኝ ደስ ይለኛል። ለደላላው የምከፍለውን ለነሱ እጨምራለሁ። ግን በቃላቸው መገኘት አለባቸው።

---

የጉና ልጅ

ጋሼ፣ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። የቀለሙ ነገር እውነት ነው። ግን ክሩን የሚመርጠው ነጋዴው ራሱ ሆኖ ቀለሙ ሲለቅ ሴትየዋ ክፍያዋን ትቀነሳለች። እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ።

የቀኑም ነገር ይታሰብበት። የጥር ሠርግና የጥምቀት ልብስ የሚጠለፈው መቼ ነው? ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። ያ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፣ ቤት የሚውል ሰው የለም። በዚያ ላይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ እሑድም በኛ አገር መርፌ አይያዝም። ነጋዴው ቀን ሲቆርጥ ይህን ሁሉ አይቆጥርም። ከዚያ «ገጠሬ ቃል አያከብርም» ይባላል። ሴቶቹ እጃቸው የሚፈታው ከየካቲት ጀምሮ ነው። ያኔ ለፋሲካና ለግንቦት ሠርግ መሥራት ይቻላል። የጥሩንም አስቀድሞ በዚያን ጊዜ ጀምሮ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፣ ጨርቅና ክር የሚገዛ ገንዘብ ቢኖር።

---

ጉጃራት የተማረው

እኔ ትምህርቴን የተከታተልኩት ሕንድ ጉጃራት ውስጥ ነው። እዚያ ያየሁትና ያነበብኩት ላንቺ ጥያቄ ቅርብ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ጉጃራት ውስጥ ከች የሚባል አውራጃ አለ። ከፓኪስታን ጋር የሚዋሰን፣ ደረቅ፣ ጨዋማ በረሃ ያለበት አገር ነው። አርብቶ አደሮች ይበዙበታል። የያንዳንዱ ጎሣ ሴቶች የየራሳቸው ጥልፍ አላቸው። ራባሪ የሚባሉት በጥልፉ መሀል ትንንሽ መስታወት ይተክላሉ። ሶዳ የሚባሉት ደግሞ ንድፍ ሳይሥሉ የጨርቁን ክር እየቆጠሩ፣ ከጀርባው በኩል ይጠልፋሉ። አጅ የሚያስብል ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያ ድርቅ ነበር። ቻንዳ ሽሮፍ የምትባል ሴት ከእርዳታ ሰጪዎች ጋር ዳኔቲ ወደምትባል መንደር ሄደች። ሰዎቹ ምጽዋት አንቀበልም፣ ሥራ ስጡን አሉ። እሷም የሴቶቹን ልብስ አየች። ጨርቅና ክር ሰጥታ ሳሪ አስጠለፈቻቸው፣ ወስዳ ሸጠችላቸው። «ሽሩጃን» የሚባለው ድርጅት የተጀመረው እንዲህ ነው። በኋላ ሥራው ከ100 በላይ መንደሮች ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሮሌክስ ሽልማት አግኝታበታለች። እሷ እ.ኤ.አ. በ2016 አርፋለች፣ ሥራው ግን ቀጥሏል።

ሁለት ነገር ልብ በዪልኝ። አንደኛ፣ ሥራው የሚሄደው ወደ ሴቶቹ ቤት ነው። ጨርቅ፣ ክርና ንድፍ ተዘጋጅቶ ይደርሳቸዋል፣ ልጅ እያሳደጉ ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ ቻንዳ የድሮውን የጥልፍ ዓይነት ሁሉ ምርጥ በሆኑ ጠላፊዎች በትልልቅ ጨርቆች ላይ አሠርታ፣ በመኪና ጭና መንደር ለመንደር አዞረችው። ልጆቹ የአያቶቻቸውን ሥራ አይተው እንዲማሩ። ከ1000 በላይ ናቸው እነዚያ ጨርቆች።

ያንቺን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ግን የሴዋ ታሪክ ይመስለኛል። ሴዋ በግላቸው ሠርተው የሚያድሩ ሴቶች ማኅበር ነው። ኢላ ባት የምትባል የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 አህመዳባድ ላይ መሠረተችው። ባናስካንታ ወደሚባል ደረቅ አውራጃ ሲገቡ ያገኙት ነገር የሚያሳዝን ነበር። ድርቅ በመጣ ቁጥር ነጋዴዎች እየመጡ ሴቶቹ ሲዳሩ ይዘውት የመጡትን ልብስ፣ እናትና አያት የጠለፉትን፣ በርካሽ ይገዙና ከተማ ወስደው በውድ ይሸጡ ነበር። ሴቶቹ የሥራቸውን ዋጋ አያውቁትም። ማኅበሩ ሴቶቹን በየመንደሩ አደራጀ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የንግድ ድርጅት አቋቋመ፣ ጠላፊዎቹ ራሳቸው ባለአክሲዮን የሆኑበት። ሐንሲባ የሚል የንግድ ስምም አለው፤ ስሙ የተወሰደው ከአንዲት አንጋፋ ጠላፊ ነው።

ጠላፊዋ ባለአክሲዮን ስትሆን ስለ ዋጋው የመጠየቅ መብት አላት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደላላውን አባርሮ የማኅበር ሊቀመንበር በቦታው ማስቀመጥ ያው ደላላ መቀየር ነው።

---

ወሎዬዋ

ወንድሜ የመጨረሻውን ነገር እንኳን ተናገርከው።

እኔ ጅዳ ነበርኩ፣ ሰው ቤት። የሠራሁትን እየላክሁ ቤተሰቤን አኖርኩ። ስመለስ በስሜ አንድ ነገር አልነበረም። ቤቱም፣ ላሟም በሌላ ሰው ስም። ለወንድሜ ነበር የምልከው፣ እኔ በስሜ ደብተር አልነበረኝም። ስለዚህ የጉና ልጅ፣ ምክሬ አንድ ነው። ስለ ጥልፉ ከማሰባችሁ በፊት ሁሏም በስሟ የባንክ ደብተር ታውጣ። አንድ ጠላፊ፣ አንድ ደብተር። የማኅበሩ ደብተር ብቻውን አይበቃም።

አሁን ቀላል ሆኗል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በተራ ስልክም ይሠራል። ስልኩ ግን የማን ነው? በባሏ ስም ያለ ሲም ካርድ ላይ ብር ብትልኩላት ያው ለባሏ ላካችሁ ማለት ነው። መታወቂያዋን ይዛ ሄዳ በስሟ ታውጣ። የይለፍ ቁጥሩን ለልጇም እንዳትሰጥ።

እኛ እዚህ ከስደት የተመለስን ሴቶች እቁብ አለን። ዳንቴል ነው የምንሠራው፣ በኪሮሽ። የሶፋና የጠረጴዛ ልብስ። እቁቡ በደረሳት ጊዜ እያንዳንዷ የራሷን ክር በጅምላ ትገዛለች። ክር በዱቤ ከነጋዴ መውሰድ ካቆምን ወዲህ ዋጋ የምንቆርጠው እኛ ነን።

---

የጉና ልጅ

እህቴ፣ ያለፍሽበት ከባድ ነው። ለብዙዎቻችን የሚሆን ትምህርት ነው የሰጠሽን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ባሎቹ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ክፉ አይደሉም። በኛ አካባቢ የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ጎን ለጎን አለ። መሬቱ የጋራ መሆኑ ከገባ ቆይቷል። የጥልፉ ብር ግን «የእሷ ትርፍ ጊዜ» ተብሎ ይታያል። ትርፍ ጊዜ የላትምኮ! ከሌሊቱ ጀምራ ነው የምትሠራው። እንዴት ብለን ነው ይህን ሳናጣላ የምንነግራቸው?

---

ጉጃራት የተማረው

ሴዋዎች ይህ ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። 4000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው። አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም፣ ስለዚህ ፊርማ ችግር ሆነ። መፍትሔው ደብተሩ ላይ ፎቷቸውን መለጠፍ ነበር። ከባልም ጋር ያለው ነገር ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ገንዘቡ ባንክ ስላለ ቤት ውስጥ አይታይም። ባል «አምጪ» ቢል «ባንክ ነው ያለው» ትላለች። ይህ በራሱ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

እናንተም ክፍያውን ከደብተር ውጪ አትፈጽሙ። ደንቡ ላይ ይጻፍ። እንዲያ ሲሆን ባልየው የሚጣላው ከማኅበሩ ደንብ ጋር ነው፣ ከሚስቱ ጋር አይደለም።

---

ሞጋች

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር እየጻፋችሁ ነው፣ ግን አንድ የቀረ ጥያቄ አለ። ጥልፍ የሴት ሙያ ነው ብለን እያሞገስን ሴት ልጅን እዚያው ጓዳ እያስቀመጥናት አይደለም? ነገ እናቷ ትእዛዝ ሲበዛባት የስድስተኛ ክፍሏን ልጅ ቁጭ አድርጋ ታስጠልፋለች። ልጅቷ ትምህርት ትቀራለች። እኔ መምህር ነኝ፣ አይቻለሁ። በገበያ ቀን ከትምህርት የሚቀሩት ሴቶቹ ልጆች ናቸው። ዓይንም ያጠፋል ይህ ሥራ። እናቴ ጥልፍ ስትጠልፍ ኖራ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አትችልም።

ነጻነት የሚመጣው በትምህርት ነው። ጥልፉ ቢበዛ መደጎሚያ ነው።

---

ጉጃራት የተማረው

መምህር፣ ያሉት ሐቅ አለው። ከከች ራሱ ማስረጃ ልስጥዎት። እዚያ ዴባሪያ የሚባሉ ራባሪዎች አሉ። ሴት ልጅ ስትዳር ይዛው ለመሄድ የምትጠልፈው እየበዛ ሄዶ ዓመታት ይወስድባት ጀመር። የጠለፈችው እስኪሞላ ጋብቻው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጥልፍን ከነጭራሹ አገዱ። መጥለፍም መልበስም ክልክል ሆነ።

ሴቶቹ ግን አልቆሙም። በእጅ የሚጠለፈው ሲከለከል ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ጥብጣብና ጌጥ ገዝተው በስፌት መኪና እያያዙ ሌላ ዓይነት ሥራ ፈጠሩ። ከነሱ አንዷ ፓቢቤን ራባሪ ናት፤ በዚያ ሥራ ቦርሳ እየሠራች የራሷን ድርጅት አቁማለች። ብዙም አልተማረችም፣ ልጅ ሆና ትምህርት አቋርጣ ውሃ በመቅዳት ትሠራ ነበር።

ስለዚህ የርስዎን ስጋት እጋራለሁ። በደንቡ ላይ «ለትምህርት የደረሰች ልጅ በትምህርት ሰዓት አትጠልፍም» ተብሎ ይጻፍ። ሲጣስ ትእዛዙ ይቀነስ። ግን እናትየዋ ዛሬ አርባ ዓመቷ ነው። እሷን ወደ ስድስተኛ ክፍል መመለስ አንችልም። ለልጇ የደብተር መግዣ ያላት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ታቆያለች።

---

መነጽር ጎንደር

የዓይኑን ጉዳይ እኔ ልመልስ፣ ኦፕቶሜትሪስት (የዓይን እይታ መርማሪ) ነኝ።

መምህር፣ ጥልፍ ዓይን አያጠፋም። የእናትዎ ነገር ዕድሜ ነው። ከአርባ በኋላ የቅርቡን የማየት አቅም በሁሉም ሰው ላይ ይደክማል፣ መሐይምም ዶክተርም ይሁን። ምልክቱ የታወቀ ነው። ጨርቁን ከዓይኗ አርቃ ትይዛለች። ከዚያ ወደ በር ትወጣለች፣ ብርሃን ፍለጋ። ከዚያ መርፌ ስታስገባ ልጅ ትጠራለች። በመጨረሻ «እኔ አርጅቻለሁ» ብላ መርፌውን ታስቀምጣለች። ሙያዋ በጣም በበሰለበት ጊዜ ማለት ነው! ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

መድኃኒቱ የማንበቢያ መነጽር ነው። ያ ብቻ። ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑ፣ ልብስ ሰፊዎችና የእጅ ሙያተኞች ያሉበት ሰዎች ናቸው። መነጽር የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ በለጠ። ለአንድ መነጽር!

ግን ከገበያ አንስታችሁ ዝም ብላችሁ አታድሉ። መጀመሪያ ይመርመሩ። በአማራ ክልል ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ብዙ ነው፣ ሕፃናትን የሚንከባከቡት ሴቶች ስለሆኑ እነሱን አብልጦ ይይዛል። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን እየወጋ ያለች ሴት መነጽር አይረዳትም፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልጋት። ሞራም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ቀን አስይዙና ሁሏም በአንድ ቀን ትታይ። ማታ በኩራዝ መጥለፍ ደግሞ ይቁም፤ ጭሱ ዓይንንም ጨርቁንም ያበላሻል። የሱቁ ሰውዬ «ጭስ ይሸታል» ያሉት ከዚያ ይመስለኛል።

---

ሞጋች

ስለ መነጽሩ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አስመረምርላታለሁ። የትምህርት ሰዓቱ በደንብ ላይ ይጻፍ የተባለው ላይ እስማማለሁ፤ ካልተጻፈ ግን አይከበርም።

---

አለላ

እኔ ከጎጃም ነኝ። እኛ ዘንድ መርፌው ወስፌ ነው፣ ጥልፉ ስፌት። ሞሰብ፣ ሰፌድ፣ ሌማት።

አንድ ነገር ብቻ ልበል። ስንደዶውንና አክርማውን ሴቶች ራሳቸው አጭደው ያመጡታል፣ ማንም ቀብድ አይሰጥባቸውም። አለላውን ለማቅለም ብቻ ነው ቀለም የሚገዙት። ስለዚህ ሞሰቡ ሲያልቅ ባለቤቱ ያለጥያቄ ሴትየዋ ናት። ወደ ገበያ ይዛ የምትወጣው እሷ፣ የምትከራከረው እሷ፣ ብሩን መቀነቷ ላይ የምትቋጥረው እሷ። እናንተ ጋ ጨርቁ የነጋዴው፣ ክሩ የነጋዴው ስለሆነ ቀሚሱም የነጋዴው ሆነ። ጨርቁን ግዙ። መጀመሪያ ለአንድ ቀሚስ የሚሆን እንኳን ቢሆን።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነን፣ ሠርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የልጅ ክርስትና አለ። ቀሚስ በየጊዜው ይፈለጋል። የገዢዎችን ነገር ልንገራችሁ።

ከዚህ በፊት ለልጄ ሠርግ የእጅ ጥልፍ ተብሎ ብዙ ገንዘብ አውጥቼ አስመጥቻለሁ። ሲመጣ ጀርባውን ገለበጥኩት። ከፊት አረንጓዴና ቢጫ ነው፣ ከኋላ ግን ሁሉም ነጭ ቀጭን ክር ነው፤ ከሥሩ እንደ ወረቀት የሚሻክር ነገር ተለጥፎበታል። ያ የማሽን ነው። የእጅ ሥራ ከኋላም ያው ቀለም ነው፣ እጅ ስታስኬድበት ይለሰልሳል። አሁን ጓደኞቼን ሁሉ ይህን አስተምሬያለሁ። የምትጽፉ እናንተም ንገሩ። ሰው ልዩነቱን ካወቀ ለእጅ ሥራ ይከፍላል።

ምን እንፈልጋለን? አንደኛ የጀርባውን ፎቶ ላኩልን። የጉና ልጅ፣ ያቺ ቋጠሮ የማትቋጥረው ጎረቤትሽ ጀርባውን ብታሳየን ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልጋችሁም። ሁለተኛ ቀለሙ እንዳይለቅ። ሦስተኛ ልኩ ይሁን፣ ተሰፍቶ የመጣ ቀሚስ እዚህ ማስተካከል ውድ ነው። አራተኛ ቀኑ። ዘግይታችሁም ቢሆን ንገሩን፣ ዝም አትበሉን።

---

ሽሮሜዳ ሱቅ

እህታችን ስለ ጀርባው የተናገሩት ትክክል ነው። እኔም ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ ገልብጬ ማሳየት እጀምራለሁ።

ስለ ቀለም ቀላል መንገድ አለ። ክሩ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ትንሽ ቆርጠሽ ለብ ባለ ውሃ አርጥቢና በነጭ ጨርቅ መሀል አድርገሽ ተጫኚው። ነጩ ከተነካ ያ ክር ይመለስ። ቀይና ጥቁር ላይ በተለይ። ክር ስትገዙ ለአንድ ቀሚስ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ያው ቁጥር ቢሆንም ሌላ ጊዜ የተቀለመው ትንሽ ይለያል፣ መስቀሉ መሀል ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ስለ ክፍያ ደግሞ ከቁጥር ይልቅ በስንዝር ተነጋገሩ። አንዱ ቀሚስ አንገቱ ላይ ብቻ ነው ጥልፉ፣ ሌላው ከአንገት እስከ እግር የወረደ መስቀል አለው። ሁለቱን «አንድ ቀሚስ» ብሎ እኩል መክፈል ግፍ ነው። የጥልፉ ስፋትና ቁመት ይለካ፣ ለስንዝር ዋጋ ይቆረጥ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። እጅ በእጅ የምከፍለው ሳይሆን ለያንዳንዷ በስሟ እንዲገባም እስማማለሁ፣ ለኔም ደረሰኝ ይሆነኛል። ቀብድ ከፈለጋችሁ እሰጣለሁ፣ ግን ጨርቁን እናንተ ግዙት የተባለውን አልቃወምም።

---

የጉና ልጅ

ይህን ሁሉ ያገኘሁት አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር፤ የጻፋችሁትን አንብቤላቸዋለሁ።

በመጀመሪያ የተስማሙት ደብተሩ ላይ ነው። ወሎዬዋ እህቴ፣ የጅዳውን ነገር ሳነብላቸው ቤቱ ጸጥ አለ። የብዙዎቹ እህት ወይም ልጅ አረብ አገር ናት። በስሟ ሲም የሌላት እንድታወጣ፣ መታወቂያ የሌላት ቀበሌ እንድትሄድ ተባባሉ። አንዳንድ ባሎቻቸውም ነበሩ። አንድ ሽማግሌ «ደብተሩ በስሟ ሲሆን እኔ ከብድር እድናለሁ» አሉ። ዘይትና ሳሙና በዱቤ የሚያመጡት እሳቸው ነበሩና።

በስንዝር መክፈል የሚለውን ሲሰሙ በጣም ተደሰቱ። ወዲያው ስንዝሩ የማን ስንዝር ይሁን የሚለው ክርክር ተነሣ፤ የነጋዴውና የነሱ እጅ አንድ አይደለም። በሜትር እንዲሆን ተስማሙ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ተገዝቷል። ጋሼ፣ በሴንቲሜትር ካሬ ብናሰላው ይስማማዎታል?

የጨርቁ ነገር ላይ አለላ ያልሽውን ወሰድን። በእቁብ እንጀምራለን። የመጀመሪያው የደረሳት የራሷን ጨርቅና ክር ትገዛለች፣ ስትሸጥ እቁቧን ትከፍላለች። ቀብድ አንወስድም ያሉት ይበዛሉ። ሁለት ሴቶች ግን ቀብድ ይሻለናል አሉ፤ አንዷ ባሏ የሞተባት ናት፣ እቁብ ለመጣል የምታወጣው የላትም። ለሷ ከሽሮ ሜዳ ቀብድ እንወስዳለን፣ ስንት እንደተቀበለች ግን በጽሑፍ ይሆናል።

መምህር፣ የትምህርት ሰዓቱ በደንቡ ተጽፏል። የሚከታተሉት ሦስት እናቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው ስምንተኛ ክፍል ያሉ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠይቄያለሁ። የዓይን ምርመራ ቀን ይዘውልናል፣ ከምርመራው በፊት መነጽር አንገዛም። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከደብረ ታቦር ባለሙያ ይመጣል። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ ሥራችን እንደሚቆም ሲልቨር ስፕሪንግም ሽሮ ሜዳም ይወቁልን። ያለቀ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለሠርግ የሚያዝ ሰው ቀድሞ ይዘዝ።

የዚያችን ጎረቤቴን ሥራ ጀርባውን ፎቶ አንስቻለሁ፣ ማታ እለጥፋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልክ እንዴት እንደምትልኩልን ግን አልገባኝም። ሴንቲሜትር ነው የምንጠቀመው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

በሴንቲሜትር እልካለሁ፣ አታስቢ። የትከሻ ስፋት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ቁመት፣ የእጅጌ ርዝመት። ቁመቱን ያለ ጫማና በጫማ ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጫማ ተረከዝ አለው። ጥልፉ ከመጠለፉ በፊት ጨርቁ አንዴ ይታጠብ፤ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ለኔና ለእህቴ ነው፣ ሁለት ቀሚስ፣ ለፋሲካ። የቀለም ምርጫውን ለጠላፊዋ ትቻለሁ። የማን እጅ እንደሆነ ስሟን በትንሹ ከጫፉ ውስጥ በኩል ትጥለፍበት፣ ፈቃዷ ከሆነ። ክፍያውን በስሟ እልካለሁ፣ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

---

ሽሮሜዳ ሱቅ

በሴንቲሜትር ካሬ ይስማማኛል። ዋጋውን አስልቼ ነገ እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ ሁሉም እንዲያየው።